ሃይማኖት፣ ቅሬና የመመረቂያ ጽሑፍ፦ ከደሴ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ደሴ ሆጤ ነው የምኖረው፤ የሶሲዮሎጂ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን ርዕስ ‹ሃይማኖት በደሴ ማኅበረሰብ ውስጥ ያለው ሚና› ብዬ አስገብቻለሁ። አማካሪዬ ከሶሲዮሎጂ አንጋፋ ሊቃውንት ከዱርኬም፣ ከማርክስና ከዌበር አንዱን መርጬ እንድመጣ ነግረውኛል። በእኛ ሰፈር ግን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ (በአንድ የቀብር እድር) ነው የሚቀባበረው። ይህን የትኛው ንድፈ ሐሳብ እንደሚገልጸው ግራ ገባኝ። መረጃውንስ ከማን፣ ምን ያህል፣ እንዴት ልሰብስብ?»

ምላሽ፦

አብሽሪ እህቴ፣ ግራ የገባሽ ቦታ የጥናትሽ ዋና ቦታ ነው። መጀመሪያ ግን ርዕሱን እናጥብበው። «የሃይማኖት ሚና» ካልሽ ጁምዓውም፣ ቅዳሴውም፣ ጾሙም፣ ወዳጃውም (የጋራ ዱዓ ስብስቡ)፣ የግሸን ጉዞውም፣ ጋብቻውም፣ የአበጋሮች ሽምግልናም ይገባበታል፤ ለአንድ መመረቂያ ጽሑፍ ይህ ሁሉ አይቻልም። አንዱን ያዢ፤ እሱም ራስሽ ያነሳሽው ቅሬ ይሁን። ጥያቄሽን እንዲህ ብትጽፊው ይሻላል፦ «በደሴ ሙስሊምና ክርስቲያን አባላት ያሉት ቅሬ በቀብርና በለቅሶ ጊዜ ምኑን በጋራ፣ ምኑን ለየብቻ ያደርጋል? ለምን?» ይህ በዓይን የሚታይ፣ በመዝገብ የሚገኝና ሰው በቀላሉ የሚመልሰው ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ሦስቱ ሰዎች። (የውጭ ጸሐፊዎችን ዓመት በጎርጎርዮሳዊው፣ የአገራችንን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ዱርኬም በ1912 ሃይማኖትን ሲበይን ሁለት ነገር ያጣምራል። አንደኛው ከተራው ነገር ተለይተው የተከበሩና የተከለከሉ ቅዱሳት ነገሮችን የሚመለከት የእምነትና የሥርዓት ስብስብ ነው። ሁለተኛው ይህ ስብስብ ተከታዮቹን በአንድ የግብረ ገብ ማኅበር ማሰሩ ነው። ችግሩ ደሴ ላይ ወዲያው ይታያል። ቅዱሱን ነገር የሚጠብቁት መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ ናቸው፤ ሞት ሲመጣ ግን ሰፈሩን የሚሰበስበው ቅሬው ነው። ሁለቱ ክቦች አይገጣጠሙም። ዱርኬም ያሰበው ደግሞ ሃይማኖቱና ማኅበረሰቡ አንድ የሆኑበትን፣ ያውም በሌሎች ጽሑፍ በኩል ያወቀውን የአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ ይዞ ነው። አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ሮበርት መርተን በ1949 ይህን በግልጽ አንስቷል፦ አንድ ሃይማኖት ባለው ትንሽ ሕዝብ የታየውን «ሃይማኖት ያዋህዳል» የሚል ድምዳሜ ብዙ ሃይማኖት ወዳለው ማኅበረሰብ እንዳለ ማሻገር አይቻልም። ስለዚህ «ሃይማኖት ማኅበረሰቡን ያስተሳስራል፤ ዱርኬምም እንዲህ ብሏል» ብለሽ ከጻፍሽ አማካሪሽ «የትኛውን ማኅበረሰብ?» ብለው ይመልሱልሻል፤ እውነታቸውን ነው።

ይህም ሆኖ ለአንቺ ዋነኛ ምሰሶ አድርጌ የምመርጠው ዱርኬምን ነው። ምክንያቱ ከብያኔው ይልቅ ስለ ሐዘን ሥርዓት የጻፈው ምዕራፍ ነው። እዚያ ላይ ለቅሶ ከግል ስሜት ብቻ የሚፈልቅ ነገር እንዳልሆነ፣ ቡድኑ በአባላቱ ላይ የሚጥለው ግዴታ እንደሆነ ይከራከራል። እስቲ ይህን ይዘሽ የቅሬን መተዳደሪያ ደንብ አንብቢ። ቀብር ያልመጣ ምን ይቀጣል? አርፍዶ የመጣስ? ድንኳን ሲተከል የጠፋስ? ቅጣቱ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም፣ ሟቹ የማንኛውም እምነት ቢሆን፣ እኩል ከሆነ ያ ትልቅ ግኝት ነው፤ ግዴታውን የሚጥለው ሰፈሩ መሆኑን በጽሑፍ አገኘሽ ማለት ነው። ቅጣቱ በእምነት የሚለያይ ከሆነ ወይም በቃል «ይታለፋል» የሚባል ነገር ካለ፣ እሱም ሌላ ግኝት ነው። ከአርባ ቃለ መጠይቅ ይልቅ የሦስት ዓመት የቅጣት መዝገብ የበለጠ ይነግርሻል።

አንድ ወጥመድ ግን አለ፤ ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚወድቅበትም እሱ ላይ ነው። «ቅሬ ያለው ሰውን ስለሚያዋህድ ነው» ማለት ምክንያት አይሆንም። ያመጣው ውጤት ለምን እንደተፈጠረም ሆነ ለምን እንደቆየ አይገልጽም። መርተን ሰዎች አስበው የሚሠሩትን ተግባር ሳያስቡት ከሚመጣው ውጤት እንድንለይ የመከረን ለዚህ ነው። ቅሬው የታሰበው ሟችን ለመቅበር ነው፤ ጎረቤትን ማቀራረቡ ያልታሰበ ውጤት ሊሆን ይችላል። ማቀራረቡን ለማሳየት ደግሞ ያልተቀራረበ ሰፈር ያስፈልግሻል፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አሁን ከዱርኬም ጎን አንድ ሌላ ሰው ልጨምርልሽ፤ የአንትሮፖሎጂ ሊቁ ፍሬድሪክ ባርት። በ1969 ያቀረበው ሐሳብ ስለ ብሔረሰብ ወሰን ቢሆንም ለወሎ ልክክ ይላል። ሰዎች ወሰን ተሻግረው ስለተገናኙ ወሰኑ ይጠፋል ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ግንኙነቱ ራሱ ወሰኑን በሚጠብቁ ደንቦች የታጠረ ነው። ሥጋን ተመልከቺ። በድግስም በለቅሶም አብሮ መቀመጥ አለ፤ ግን የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ድስት ይሠራል። ክርስቲያኑ ደጋሽ ለሙስሊም እንግዶቹ በሙስሊም ያሳርዳል፤ ሙስሊሙም እንዲሁ። እዚህ ላይ «አብረው ይበላሉ» ብሎ መጻፍም፣ «አብረው አይበሉም» ብሎ መጻፍም ስህተት ነው። ቢላው የማን ነው፣ ድስቱን ማን አመጣው፣ ማዕዱ የቀረበው በአንድ ዳስ ነው ወይስ በሁለት፣ በጾም ቀን የሆነ እንደሆነስ ምን ቀረበ? መጻፍ ያለበት ይህ ነው።

ለዚህ የምመክርሽ መሣሪያ የቀብር ደረጃዎች መከታተያ ቅጽ ነው። አንድን ቀብር ከመርዶው እስከ ለቅሶው መጨረሻ በደረጃ ከፋፍይው፤ ለእያንዳንዱ ደረጃ ማን ተገኘ፣ ማን ሠራ፣ ማን ፈንጠር ብሎ ቆመ ብለሽ ሙዪ። ደረጃዎቹ ለሁለቱም እምነት አንድ አይደሉም። በሙስሊሙ በኩል ጀናዛው (አስከሬኑ) ይታጠባል፣ ይከፈናል፣ ይሰገድበታል፣ ፊቱ ወደ ቂብላ ሆኖ ይቀበራል፤ ቀብሩም ይጣደፋል፤ የሚቻል ከሆነ በዕለቱ ነው። በክርስቲያኑ በኩል ግንዘት አለ፣ ፍትሐት አለ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ይቀበራል፤ ከዚያም ሳልስቱና የአርባ ቀኑ ተዝካር ይከተላሉ። ቅሬው በጋራ ሊሠራው የሚችለው በእነዚህ መሐል ያለውን ነው፦ ጥሩምባ መንፋት ወይም ቤት ለቤት መጥራት፣ ጉድጓድ መቆፈር፣ ቃሬዛ መሸከም፣ ድንኳን መትከል፣ ውሃና እንጨት ማቅረብ፣ ሐዘንተኛ ጋር መቀመጥ። ትጥበቱ፣ ግንዘቱ፣ ስግደቱና ፍትሐቱ ግን የእምነቱ ባለቤቶች ናቸው። አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ አብሮ የሚሸከም ጎረቤት ጸሎቱ ሲጀመር የት እንደሚቆም አስተውይ፤ በባርት ቋንቋ ወሰኑ የሚታየው እዚያች ቦታ ላይ ነው። የሴቶችን ነገር እንዳትረሺ። ወደ መቃብር የሚሄዱት ወንዶች ብቻ በሆኑበት ቀብር የሴቶቹ ቅሬ የሚሠራው ቤት ውስጥ ነው፤ መቃብር ላይ ብቻ ቆመሽ ከጻፍሽ ግማሹ ጥናት ይቀርብሻል።

ማርክስን በተመለከተ፣ በ1843 ጽፎ በ1844 ካሳተመው ጽሑፍ «የሕዝብ ኦፒየም» የምትለዋን ሐረግ ብቻ መዝዞ መሮጥ ልማድ ሆኗል። ከእሷ ቀደም ብሎ ያለው ሐሳብ ሃይማኖታዊ ሰቆቃ የእውነተኛ ሰቆቃ መግለጫም፣ በዚያው ሰቆቃ ላይ የሚነሳ ተቃውሞም መሆኑን ይናገራል። ለአንቺ የሚጠቅመው ጥያቄ ሸክሙን ማን ነው የሚሸከመው የሚለው ነው። ጉድጓድ የሚቆፍረው ማን ነው? ቅጣቱን ከፍሎ የሚቀረውስ? መዋጮውን ሦስት ወር ያልከፈለ ሰው ሲሞት ምን ይደረጋል? ተከራይ፣ አዲስ መጤ፣ ከዐረብ አገር የተመለሰች ልጅ፣ ከሁለቱ ዋና እምነቶች ውጭ የሆነ ሰው እንዴት ይገባል? «ሁላችንም አንድ ነን» በሚለው ቃል ሥር ልዩነት ካለ የሚወጣው በእነዚህ ጥያቄዎች ነው። የአባልነት መግቢያ ክፍያውን ከመዝገብ ውሰጂ፤ በቃል የሚነገርሽ ሁልጊዜ የተለሳለሰ ነው።

ከማርክስ የሚነሳው የግጭት አተያይ አንድ ሌላ ነገርም ያስታውስሻል፤ ይህ አብሮነት ታሪክ አለው። ከደሴ ወጣ ብሎ ባለው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. አጼ ዮሐንስ 4ኛ ባደረጉት ጉባኤ የወሎ ሙስሊም መሳፍንት እንዲጠመቁ ተደርጓል፤ ኢማም መሐመድ አሊ ሚካኤል ተብለው ኋላም ንጉሥ ሆነዋል። በአንጻሩ እንደ ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር ያሉ ዑለማዎች አንቀበልም ብለው ተነስተዋል። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ የሙስሊም በዓላት ብሔራዊ በዓል የሆኑት በ1967 ዓ.ም. ነው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 ደግሞ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። ይህን ያነሳሁልሽ አንድ የዕድሜ ክፍፍል እንድታበጂ ነው፦ ከ1967 በፊት አዋቂ የነበረ፣ በደርግ ጊዜ ያደገ፣ ከ1987 ወዲህ ያደገ። ሦስቱ ስለ አንድ ቅሬ የሚሰጡሽ መልስ ይለያይ ይሆናል፤ ከተለያየ ደግሞ የጽሑፍሽ ምርጡ ምዕራፍ ይሆናል።

ዌበርን ለመልስ መመደቢያ ተጠቀሚበት፤ ከእሱ ሌላ ነገር አትበደሪ። የፕሮቴስታንት ሥነ ምግባርና የካፒታሊዝም ክርክሩን ኮምቦልቻ ፋብሪካ ላይ መሞከር የሚፈልግ ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም፤ ለዚህ ጥያቄ ግን አይረዳም። የሚረዳሽ ሰዎች ለሚያደርጉት ነገር የሚሰጡትን ትርጉም በአራት የከፈለበት ነው። «ለምን ሄዱ?» ስትዪ «አጅር (ከአላህ ምንዳ) አለው» ወይም «ጽድቅ ነው» የሚል መልስ በእሴት የተመራ ተግባር ነው። «ነገ እኔም ቀባሪ እሻለሁ» የሚለው በጥቅም ስሌት የተመራ ነው። «አንጀቴ አልቻለም» ስሜት ነው። «ካባት ካያት የወረስነው ነው» ልማድ ነው። አንድ ሰው ሁለቱንና ሦስቱን ሊጠቅስ ይችላል፤ የመጀመሪያውን ለይተሽ መዝግቢ። «ቅጣቱን ፈርቼ» እና «ይሉኝታ ይዞኝ» የሚሉት የት ይመደባሉ የሚለውን ግን ከመጀመርሽ በፊት ወስኚና በአንድ ገጽ መመሪያ ላይ ጻፊው። ከዚያ ሌላ የክፍል ጓደኛሽ 20 መልስ ያንቺን ምደባ ሳታይ ትመድብ፤ ከ20ው ቢያንስ 16ቱ ካልተገጣጠሙ መመሪያው ግልጽ አይደለምና አሻሽዪው።

ከማንና ምን ያህል? ቀደም ብዬ ያልኩሽ ንጽጽር እዚህ ነው የሚመጣው። የተቀላቀለ ቅሬ ብቻ አጥንተሽ «መቀላቀሉ ይህን አመጣ» ማለት አትችዪም። አራት ቅሬ ምረጪ፦ ሁለት የተቀላቀሉ፣ አንድ ሙሉ በሙሉ ለማለት ይቻላል ሙስሊም፣ አንድ በአብዛኛው ክርስቲያን። በአባል ብዛትና በዕድሜ የሚቀራረቡ ይሁኑ፤ የአንዱ 40 የሌላው 400 አባወራ ከሆነ ልዩነቱን እምነቱ ያምጣው መጠኑ አታውቂም። ከየቅሬው አምስት ሰው አነጋግሪ፦ ዳኛውን (የቅሬውን መሪ)፣ ጸሐፊውን ወይም ገንዘብ ያዡን፣ አንዲት ሴት አባል፣ ከ30 ዓመት በታች ያለ አንድ ሰው፣ እና ከቅሬው የወጣ ወይም የተቀጣ አንድ ሰው። በጠቅላላው 20 ነው። አምስተኛውን ሰው ማግኘት ያስቸግራል፤ ግን እሱን ከተውሽው የቅሬውን ገጽታ የሚነግሩሽ የሚመሩት ብቻ ይሆናሉ።

መጠይቅም በትኚ ከተባልሽ ተጠንቀቂ። ስንት ሰው ይጠየቅ የሚለውን ለመወሰን የተለመደው የያማኔ ቀመር፣ 5 በመቶ ስህተት ተፈቅዶ (0.05 × 0.05 = 0.0025)፣ ለ600 አባወራ እንዲህ ይላል፦ 600ን ለ1 + 600 × 0.0025 አካፍዪ፤ 240 ሰው። ቀመሩ የሚሠራው እያንዳንዱ ሰው ለብቻው በዕጣ ሲወጣ ነው። የአንድ ቅሬ አባላት ግን አንድ ደንብ፣ አንድ ዳኛ፣ አንድ ሰፈር ስለሚጋሩ መልሳቸው ይመሳሰላል። የመመሳሰሉ ልክ 0.1 ነው እንበል (0 ምንም አለመመሳሰል፣ 1 ፍጹም መመሳሰል ነው)። ከ3 ቅሬ 60፣ 60 ሰው ብትጠይቂ 1 + 59 × 0.1 = 6.9 ይሆናል፤ 180ን ለዚህ ስታካፍዪ 180ው ሰው የሚመዝነው እንደ 26 ሰው ብቻ ነው። ያንኑ 180 ከ12 ቅሬ 15፣ 15 አድርገሽ ብትወስጂ 1 + 14 × 0.1 = 2.4 ነው፤ 75 ሰው ያህል ይመዝናል። ድካሙ ያው፣ ክብደቱ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ። ስለዚህ ለመጠይቅ ብዙ ቅሬ፣ ከየቅሬው ጥቂት ሰው። አቅሙ ከሌለሽ መጠይቁን ተይው፤ አራቱን ቅሬ በጥልቀት መሥራት ይበቃል።

ኮምቦልቻን ጨምሬ ላነጻጽር ካልሽ አንድ ስሌት አስቀድሚ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የደሴ ሕዝብ 58.6 በመቶ ሙስሊም፣ 39.9 በመቶ ኦርቶዶክስ ነበር፤ ኮምቦልቻ 82.9 እና 16.3። ሰው እምነት ሳይለይ በዕጣ ቢጎራበት ሁለት ጎረቤታሞች ሙስሊምና ክርስቲያን የመሆናቸው ዕድል በደሴ 2 × 0.586 × 0.399፣ ማለትም 47 በመቶ ነው፤ በኮምቦልቻ 2 × 0.829 × 0.163፣ 27 በመቶ። እንግዲህ ደሴ ላይ 40 በመቶ፣ ኮምቦልቻ ላይ 30 በመቶ የተቀላቀለ ጉርብትና ብታገኚ «ደሴ የበለጠ ትቀላቀላለች» እንዳትዪ፤ ከዕጣው ጋር ስታስተያዪው የበለጠ የተቀላቀለችው ኮምቦልቻ ናት። የቡድን መጠን ብቻውን ግንኙነትን እንደሚወስን ሶሲዮሎጂስቱ ፒተር ብላው በ1977 ያሳየው ይህንኑ ነው። ቁጥሩ ያረጀ ስለሆነ እንደ መነሻ እንጂ እንደ ዛሬ ሁኔታ አትጥቀሺው።

ስለ ጥያቄ አጻጻፍ። «ሃይማኖት ለሰላም ይጠቅማል ብለው ያምናሉ?» አይጠየቅም፤ ሁሉም አዎ ይላል። «ወሎ የፍቅር አገር ነው» የሚለውንም እንደ ግኝት አትጻፊው፤ ማን፣ ለማን ፊት፣ መቼ እንደሚለው መዝግቢ፤ ራሱ መረጃ ነው። ያለፈን ድርጊት በተወሰነ ጊዜ ጠይቂ፦ «ባለፉት ሦስት ወራት ስንት ቀብር ሄዱ? የመጨረሻው ሟች እምነቱ ምን ነበር? ምን ሠሩ? ስንት ሰዓት ቆዩ? ምን ቀመሱ?» ስምን ተከትለሽ እምነት አትገምቺ። በወሎ ይማም የሚባል ሙስሊምም ክርስቲያንም አለ፤ የአባትና የአያት ስም ደግሞ ከሌላ እምነት ሊመጣ ይችላል። ጠይቀሽ ጻፊ። ለአያቶቹም ጠይቂ፤ የቤተሰቡ ቅልቅል የሚታየው እዚያ ነው። በሙስሊሙ መካከልም ስለ ወዳጃ፣ መውሊድና ዚያራ (ወደ ቅዱሳን መቃብር የሚደረግ ጉብኝት) ክርክር ስላለ «ሙስሊም» የሚል አንድ ሣጥን ብቻ ካበጀሽ ይህ ይሸፈንብሻል።

ያንቺ አለባበስና ስም መልሱን ይቀይራል። ሒጃብ ለለበሰችና ማተብ ላሰረች ጠያቂ ሰው አንድ ዓይነት መልስ አይሰጥም። ከሌላ እምነት ከሆነች ጓደኛሽ ጋር ተካፍላችሁ ጠይቁና በየቅጹ ላይ የጠያቂዋን እምነት ጻፉ፤ ሲያልቅ የሁለታችሁን መልሶች ለየብቻ ቆጥራችሁ አስተያዩ።

ከዚህ የቀረው አካሄድ ነው። ከትምህርት ክፍሉ የትብብር ደብዳቤ አውጪ፤ ቀበሌውን፣ ከዚያ የቅሬውን ዳኛ አስፈቅጂ። ደብዳቤው በር ይከፍታል እንጂ የእያንዳንዱን ሰው ፈቃድ አይተካም። ሰኞ ገበያ ነው፤ ቤት ሰው አታገኚም። አርብ ቀትርንና እሑድ ጠዋትን ተዪ፤ በረመዳንም በዐቢይ ጾምም ከሰዓት በኋላ ረጅም ቃለ መጠይቅ አታድርጊ። ለቅሶ ቤት እንደ ጎረቤት ግቢ፤ መቅረጫና ፎቶ አይወጣም፣ ወረቀት አይገለጥም፤ ያየሽውን ቤትሽ ስትደርሺ በዚያው ምሽት ጻፊ። ሐዘንተኛውን ራሱን ለማነጋገር ቢያንስ አርባ ቀን ይለፍ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ስለነካ ወግ ባለው ቀብር ያልሸኙት ሰው ያላቸው ቤተሰቦች ሊያጋጥሙሽ ይችላሉ፤ ሰውየው ካላነሳው አትቆስቁሺው፤ ካነሳውም ቅጹን አጥፈሽ አዳምጪ።

ስም አለመጻፍ ብቻውን ሰውን አይሸሽግም። «የሆጤው ቅሬ ዳኛ» ካልሽ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃቸዋል። ቅሬዎቹን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ በያቸው፤ ሰፈራቸውን አትጥቀሺ፤ በቅጣት መዝገብ ያየሽውን የሰው ስም ወደ ማስታወሻሽ አትገልብጪ፣ ቁጥሩንና ምክንያቱን ብቻ ውሰጂ።

ለአማካሪሽ የምታቀርቢውም አንድ ገጽ ይሁን፦ የጠበበው ጥያቄ፤ ምሰሶው የዱርኬም የሐዘን ሥርዓት ትንታኔ፣ በመርተን ማስተካከያና በባርት የወሰን ሐሳብ የታገዘ፤ ከማርክስ የሸክም ጥያቄው፣ ከዌበር የመልስ ምደባው፤ አራቱ ቅሬ፣ ሃያው ሰው፣ የመከታተያ ቅጹና የሦስት ዓመት መዝገቡ። «አንዱን ምረጪ» ያሉሽ ምሰሶ እንዲኖርሽ ነው፤ ምሰሶው እስካለ ድረስ የሌሎቹን ጥያቄ መዋስ የሚከለክል አማካሪ አይኖርም።